በየቀኑ አንድ ግጥም ለ30 ቀን፤ በሦስተኛው ሙከራ ጨረስኩ (ረጅም ነው፣ ታገሡኝ)

የማታ ወረቀት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን የምለው አለኝ።

በወር ውስጥ በየቀኑ አንድ ግጥም የመጻፍ ቻሌንጅን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። አንዴ በ6ኛው ቀን፣ አንዴ በ11ኛው። በሦስተኛው ግን 30ውንም ጻፍኩ። ከጨረስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሁለቱን ሳምንት ደብተሩን ሳልከፍተው ቆየሁና ባለፈው እሑድ ተቀምጬ እንደ ሰው ጽሑፍ አነበብኩት። ውጤቱን ሳልደብቅ ላስቀምጠው፦ 19ኙ የሚጣሉ ናቸው። 7ቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሚተርፍ ስንኝ አለ። 4ቱ ግጥም ናቸው። አራት! በዓመት አራት ግጥም ጽፌ ስለማላውቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተሳኩት ሁለቱ ለምን እንዳልተሳኩ ልንገራችሁ፤ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩትን እዚያው ማታውን አርም ነበር። በ6ኛው ቀን አንዲት ቃል ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። "ጠፋ" ልበል "ከሰመ" ልበል ስል ሌሊቱ ሄደ። በማግሥቱ ደብተሩን ሳየው አንገሸገሸኝ።

ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ በየቀኑ ቴሌግራም ላይ እለጥፍ ነበር። መጀመሪያ ደስ ይላል። የልብ ምልክት የሚያደርግ፣ "ቀጥይበት" የሚል አይጠፋም። ከሳምንት በኋላ ግን ሳላውቀው ለዚያች የልብ ምልክት መጻፍ ጀመርኩ። የሚያስጨበጭብ መዝጊያ ፈልጌ ከኋላ ወደ ፊት መጻፍ ሆነ ሥራዬ። በ11ኛው ቀን የለጠፍኩትን ሁለት ሰው ብቻ አየው። በ12ኛው አልጻፍኩም። በቃ እንዲህ ነው የሞተው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በሦስተኛው የወረቀት ደብተር ያዝኩ። በስልኬ 20 ደቂቃ እሞላለሁ፤ ሲጮኽ አቆማለሁ፣ ግማሽ ስንኝ ላይም ብሆን። ከላይ ቀኑን እጽፋለሁ። መሰረዝ የለም፣ ለማንም ማሳየት የለም፣ የትናንቱን ማንበብም የለም። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ፤ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ፤ አሁን ረዘመብኝ። እስከዚያ ሞክሮ ያውቅ የነበረ ካለ ይንገረኝ፦ የት ላይ ጣላችሁ?

ስምንተኛዋ

ስሜ ራሱ ይነግርሻል እህቴ። 8ኛው ቀን።

እኔን የጣለኝ ማካካስ ነው። 7ኛውን ቀን ሥራ በዝቶብኝ አለፈኝ። "ነገ ሁለት እጽፋለሁ" አልኩ። በ8ኛው ሁለት ይጠብቀኛል፣ አንዱንም አልጻፍኩ። በ9ኛው ሦስት ሆነ። ከዚያ በኋላ ዕዳ እንጂ ግጥም አይደለም፤ ደብተሩን ሳይ አበዳሪዬን ያየሁ ይመስለኝ ጀመር።

ስድስት በስድስት

ማካካስ የሚባለውን ነገር ከሥሩ ነቅላችሁ ጣሉት። ያለፈው ቀን አለፈ። 30 ካልሞላ 27 ይሁን፣ ማን ይከሳችኋል?

ይሄ የእኔ አስተያየት ብቻም አይደለም። ስለ ልማድ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች ተከታትለው ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አንድን ነገር በየቀኑ ሲያደርጉ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል፤ ስሌቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ነው የሚሄደው። እዚያው ላይ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው አይተዋል። እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ አንድ ቀን ብትዘሉ ምንም አይደለም፤ 30 ቀን ስለጨረሳችሁ ደግሞ በ31ኛው ግጥሙ በራሱ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ገና መንገድ አጋማሽ ላይ ናችሁ።

የማታ ወረቀት፣ ያ "ያልጠበቅኩት ነገር" ያልሽውን ቶሎ አምጪው። አንባቢ አንጠልጥሎ መጥፋት ምን ይሉታል?

አባ ዝምታ

ልጆቼ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም። ግን ግጥም በሰዓት ደወል የሚመጣ ነገር ነው እንዴ? ሃያ ደቂቃ ሞልቶ መቀመጥ፣ ሲጮኽ መነሣት... ይሄ የእንቁላል አቀቃቀል ነው። እኔ በወጣትነቴ ከአንዲት ግጥም ጋር ሰባት ወር ኖሬያለሁ። 19 የሚጣል ጽፎ 4 ማትረፍ ትርፍ ነው ወይ? እነዚያን 19 ባትጽፊያቸው ኖሮስ? ዝም ብሎ መኖርም የግጥም ሥራ ነው። ዝምታ ይቀድማል፤ ቃል ይከተላል።

በዚያ ላይ በየቀኑ መጻፍ የለመደ እጅ የራሱን ዘዴ መድገም ይለምዳል። ይህን አስቡበት።

ቤት ፈላጊ

ሰላም፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ስሙን አትሳቁበት፣ የምፈልገው የግጥሙን ቤት ነው 😅

ከሚቀጥለው ሰኞ ልጀምር አስቤያለሁ። ሁለት ጥያቄ ነበረኝ፦ ቻሌንጁን ማን ነው የጀመረው፣ የምንመዘገብበት ቦታ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ብጽፍ ይቆጠርልኛል?

ነፋስ አመጣሽ

ለቤት ፈላጊ፦ መመዝገብ አያስፈልግህም ወንድሜ፤ ደብተርህ ይበቃል። አጀማመሩን ከጠየቅህ፣ በአሜሪካ የገጣሚያን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤፕሪልን የግጥም ወር አደረገው። በወር ውስጥ ልብ ወለድ የመጻፍ ዘመቻ ደግሞ በ1999 ተጀመረ። ሞሪን ቶርሰን የምትባል ገጣሚ በ2003 ሁለቱን አገናኘቻቸው ማለት ይቻላል፦ በኤፕሪል በየቀኑ አንድ ግጥም እየጻፈች ድረ ገጿ ላይ መለጠፍ ጀመረች። ኤፕሪል 30 ቀን ነው፣ ከዚያ "30 በ30" ሆነ። ሌሎች ተከተሏት፣ ተስፋፋ። ግን በየትኛውም ወር መጀመር ትችላለህ፤ ፖሊስ የለውም።

ሁለት ስንኝ ይቆጠራል ወይ ላልከው፦ ከግዕዝ ቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና የሚባለው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ሁለት ቤት አይበቃም የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር ይከራከር።

ለአባ ዝምታ፦ አባቴ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ዊልያም ስታፎርድ የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ ለአሥርት ዓመታት ሳይነጋ እየተነሣ በየቀኑ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በሞተበት ዕለት ጠዋት እንኳ ጽፎ ነበር። ቃል ሲጠፋብህ ምን ታደርጋለህ ሲሉት መለኪያዬን ዝቅ አደርጋለሁ ማለቱ የታወቀ ነው።

አባ ዝምታ

ልጄ፣ እኔስ ምን አልኩ? ችግሩ እሱ አይደለም ወይ፣ መለኪያ ዝቅ ማድረጉ!

ነፋስ አመጣሽ

😂 እጅ ሰጠሁ፤ ለዛሬ።

የማታ ወረቀት

እሺ መጣሁ። አባ ዝምታ፣ የእርስዎን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ "እጅ የራሱን ዘዴ መድገም ይለምዳል" ያሉት በትክክል የደረሰብኝ ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ይሄ ነው። በ13ኛው ቀን አንድ ሕግ ጣስኩ፤ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ያየሁት የስንኞቹን መጨረሻ ብቻ ነው። ከ12ቱ ግጥሞች 9ኙ ቤት የሚመቱት በ"ኝ" ወይም በ"ሁ" ነበር። ናፈቀኝ፣ ጠፋብኝ፣ መጣብኝ፣ አቃተኝ። አየሁ፣ ሄድኩ ብዬ አልረካ ስል ሄጃለሁ፣ ቀርቻለሁ፣ ጠብቄያለሁ። አስቡት፣ ዘጠኝ ማታ አንድ ዓይነት በር እያንኳኳሁ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን አስቤው አላውቅም። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል። ግሡ ደግሞ በባለቤቱና በተሳቢው ምልክት ያልቃል። ስለ ራሴ ካወራሁ ሁሉም ግሥ በአንድ ፊደል ይዘጋል፤ ቤቱ ሳልደክምበት ይመታል። የደከመ ሰው ደግሞ የተከፈተ በር ነው የሚገባው። አንድ ምሳሌ፣ የ8ኛው ቀን ነው፤ በ"ኝ" ወይም በ"ሁ" ባያልቅም በሩ ያው ግሥ ነው፤ ሳላርም፦

> ሌሊቱ ረዘመ፥ መብራቱ ደከመ፤
> ያሰብኩት ሳይመጣ፥ እራሴ ታመመ።

ቀለሙ ስድስት በስድስት ሞልቷል፣ ቤቱ መቷል። ግን ምን አለ? ረዘመ፣ ደከመ፣ ታመመ። ሦስቱንም ያመጣቸው "መ" ነው፤ እኔ አይደለሁም። እራሴን እንኳ አላመመኝም ነበር! "መ" ስለፈለገች ታመምኩ።

ከ13ኛው ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ ጨመርኩ፦ ስንኝ በግሥ አይዘጋም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲኦል ነበሩ። በ20 ደቂቃ ሁለት ስንኝ፣ እሱም አንካሳ። በ16ኛው ቀን ግን ያንኑ የሌሊት ነገር እንደገና ጻፍኩት፦

> መብራት ሳጠፋበት፥ ያበራል ወረቀት፤
> ጨለማው ውስጥ ቀረ፥ ቃል የሌለው ነጭ ፊት።

ይቺኛዋ ከአራቱ አንዷ ናት። ትልቅ ግጥም ናት አልልም። ግን በ8ኛው ቀን ያላየሁትን ነገር አይቻለሁ፦ መብራት ሲጠፋ ባዶው ወረቀት ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ ይገባል። እሱን ያሳየኝ ስም መፈለጌ ነው። ግሥ ስከለከል ዕቃ ፍለጋ ክፍሉን መቃኘት ጀመርኩ።

ስድስት በስድስት

ይሄ ነው ጨዋታ! አሁን ውይይቱ ሞቀ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ አለበለዚያ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። ግሥን ወደ ፊት ማምጣት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የ8ኛው ቀን ግጥምሽን እንዲህ ብገለብጠውስ፦ "ደከመ መብራቱ፥ ረዘመ ሌሊቱ"። ሕግሽ ተከበረ፣ ስንኙ በስም አለቀ። ግን "መ" ወጥታ "ቱ" ገባች እንጂ ምን ተለወጠ? ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ራሱ ሌላ የሰነፍ በር ነው። በዚህ ዓይነት የተጻፈ ግጥም ደግሞ ሞልቷል፤ ሁሉም ስንኝ በጀርባው የሚሄድ፣ አንባቢው አንገቱን አዙሮ የሚከተለው።

የ16ኛው ቀን ግጥምሽ የተሳካው ለምን እንደሆነ ካየሽው፣ የመጀመሪያው ስንኝ ብቻ ነው የተገለበጠው። ሁለተኛው ላይ ግሡ ("ቀረ") በሐረጉ መጨረሻ፣ ስንኙ መሃል ላይ ቦታውን ይዟል። ቀጥሎ የመጣው ስም ነው፤ ያለ ግሥ ብቻውን ቆሟል። ለዚያ ነው የሚያርፈው።

የማታ ወረቀት

ወይ ጉድ፣ እኔ ስጽፈው ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ግን ልክ ነህ። ከ16 በኋላ ካሉት ውስጥ የተጣሉት አብዛኞቹ ያ የመገልበጥ በሽታ አለባቸው። ይህን ሳነብ እንደገና ገልጬ አየሁ። አፈርኩ።

ቤት ፈላጊ

ይቅርታ፣ ስድስት በስድስት የምትሉት ፊደል ነው የሚቆጠረው? እኔ "መብራቱ"ን 4 ነው የቆጠርኩት፣ "መብራቱ ደከመ" ስድስት ከሆነ ግን በእናንተ ቆጠራ 3 ነው ማለት ነው።

ስድስት በስድስት

ጥሩ ጥያቄ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚቆጠረው ቀለም ነው፤ ፊደል አይደለም። ጆሮህ የሚሰማውን ቁጠር። "መብራት" በፊደል አራት ነው፤ ስትለው ግን መብ-ራት፣ ሁለት። "መብራቱ" መብ-ራ-ቱ፣ ሦስት። "ወረቀት" ወ-ረ-ቀት፣ ሦስት። "ልብ" አንድ፣ "ልቤ" ሁለት። ሳድሱ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተለጥፎ ሲዘጋ ለብቻው አይቆጠርም። ግራ የሚያጋቡ ቃላት አሉ፤ "ብዕሬ"ን አንዱ ሁለት ሌላው ሦስት ይለዋል። እንደዚያ ሲሆን ጮክ ብለህ ሁለቴ በልና እንደምትለው ቁጠር። ጠረጴዛ በጣትህ መምታት ከሁሉ ይሻላል፤ እኔ ሰው ካለበት እግሬን ነው የማንቀሳቅሰው።

ስድስት-ስድስት የሆነው ወል ቤት ነው፤ በአማርኛ ከሁሉ የተለመደው። አምስት-አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን። ለመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ያዝና አትልቀቀው። በየቀኑ ምጣኔ መቀየር ጊዜህን ይበላዋል። ቀለም የሌለው ነጻ ግጥም ልጻፍ ካልክም ማንም አይከለክልህም፤ ግን በደከመህ ቀን ነጻው ይበልጥ ይከብዳል። የምትደገፍበት ግድግዳ የለውማ።

ስምንተኛዋ

በዚህ እስማማለሁ። ያን ጊዜ ነጻ ግጥም ነበር የያዝኩት፤ ማስታወሻ ደብተር (ዛሬ ይህን ዋልኩ፣ ያንን ዋልኩ) ሆኖ ነው የቀረው።

ሰንጎ መገን ስትል ትዝ ያለኝ፣ ሁለተኛ ስሞክር (አዎ፣ ሁለተኛም ሞክሬያለሁ፣ ለማንም አልነገርኩም) በድካም ሞቼ ቤት የገባሁ አንድ ቀን ይቺን ጻፍኩ፦

> ዛሬም አልጻፍኩም፥ ነገም አልጽፍም፤
> ይቺን ሳልጽፍ ግን፥ ከቶ አልተኛም።

በግሥ አልቋል፣ አውቃለሁ! ግን ቆጥሬዋለሁ፣ ማንም አይነጥቀኝም።

ነፋስ አመጣሽ

ይሄማ ከመካከላችን ምርጡ ነው 😂

ለደከማችሁ ቀን አንድ መላ ልስጣችሁ። ፓንቱም የሚባል ቅርጽ አለ፤ ሥሩ ከማላይ ሕዝብ ግጥም ነው። አራት አራት ስንኝ ያላቸው አንጓዎች ናቸው። የአንዱ አንጓ ሁለተኛና አራተኛ ስንኝ ለቀጣዩ አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ይሆናሉ። መጨረሻው አንጓ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ አራት አንጓ፣ 16 ስንኝ ለመጻፍ የምታወጡት 8 አዲስ ስንኝ ብቻ ነው። ገጹ ይሞላል፤ ድግግሞሹ ደግሞ አንዳንዴ እናንተ ያላሰባችሁትን ትርጉም ያመጣል። ያው ስንኝ ሁለተኛ ሲመጣ ጎረቤቱ ሌላ ነውና።

ሃይኩ የሚባለውን የጃፓን አጭር ግጥምም ሞክሩ፤ ሦስት ስንኝ፣ ቀለሙ 5-7-5። በጃፓንኛ የሚቆጠረው ከእኛ ቀለም ጋር ልክ አንድ አይደለም፤ የእነሱ ያጠረ ነው። ግን ለልምምድ ይሆናል። የእኔ አንዱ፦

> ዝናብ አባራ
> ከጣሪያው አንድ ጠብታ
> ሊወድቅ ያቅማማል

ቤት አይመታም፣ አያስፈልገውምም። በግሥ አልቋል፣ የማታ ወረቀት ትቆጣለች።

የማታ ወረቀት

አልቆጣም፤ "ያቅማማል" እዚያ ላይ ሥራ እየሠራ ነው። ሕጉ ለሰነፍ ግሥ ነው።

ስለ መነሻ ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ ስላጠፋሁ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በየማታው "ዛሬ ስለ ምን ልጻፍ" እያልኩ ነበር የምቀመጠው። 20ው ደቂቃ በዚያ ያልቃል። በሦስተኛው ከመጀመሬ በፊት 30 ቁራጭ ወረቀት ላይ 30 ቃል ጽፌ ጠቅልዬ ዕቃ ውስጥ ጨመርኩ። ማታ አንዱን አወጣለሁ። ያወጣሁትን መመለስ የለም።

እዚያም ላይ ተሳስቻለሁ። ግማሾቹ ቃላት "ናፍቆት"፣ "ተስፋ"፣ "ብቸኝነት" ነበሩ። "ተስፋ" የወጣ ቀን አንድም የተረፈ ስንኝ የለም፤ ሁሉም ሰው ያለውን ነው ያልኩት። "ቁልፍ"፣ "የቆመ ሰዓት"፣ "ማበጠሪያ" የወጡ ቀናት ግን ሌላ ነበሩ። ማበጠሪያው በ21ኛው ቀን ነው የወጣው። ስለ ፀጉር፣ ስለ ውበት ምናምን ልጽፍ ነበር። ከዚያ የራሴን ማበጠሪያ አንሥቼ አየሁት። ሦስት ጥርስ የለውም። በየቀኑ ያንን ይዤ በዚያ ክፍተት በኩል ሳይበጠር የሚያልፍ ፀጉር እንዳለ አስቤ አላውቅም። ግጥሙ ስለዚያ ሳይበጠር ስለሚያልፈው ሆነ። ከአራቱ የምወደው እሱን ነው። አልለጥፈውም፣ ገና እየሠራሁት ነው።

አሁን ለአባ ዝምታ። አባቴ፣ እነዚያን 19 ባትጽፊያቸው ኖሮስ ብለው ነበር። ያ "ኝ" በሽታ እኔ ላይ ስንት ዓመት እንደኖረ አላውቅም። በዓመት ሁለት ግጥም ስጽፍ አይታይም ነበር፤ አንዱ በ"ኝ" አንዱ በ"ሁ" ቢያልቅ ማን ልብ ይለዋል? 12ቱ ተደርድረው ሲታዩ ነው ያፈጠጠው። እጅ ዘዴውን ይደግማል ያሉት እውነት ነው፤ እኔ የምለው ግን ካልተደገመ አይታይም ነው። እርስዎ ከአንዲት ግጥም ጋር ሰባት ወር ሲኖሩ ዘዴዎን እንዴት ነው የሚይዙት? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ለክርክር አይደለም።

አባ ዝምታ

ልጄ፣ ጥያቄሽ መልካም ነው። እኔ የምይዘው የሌላውን በማንበብ ነው። የሌላ ሰው ግጥም ውስጥ የራሴን ዘዴ ሳየው አፍራለሁ፤ ተመልሼ እሰርዛለሁ። እናንተ 30 ቀን ትጽፋላችሁ፤ 30 ቀን በየቀኑ አንድ ግጥም በቃል ያጠና ማን ነው? አንድም ሰው ስለ ንባብ ሲያነሣ አላየሁም።

የማበጠሪያው ግን ጥሩ ነው። ብትለጥፊው አነባለሁ።

ስድስት በስድስት

አባታችን እዚህ ላይ አሸንፈውናል፤ በግልጽ እናገራለሁ።

ስምንተኛዋ

አንድ ጥያቄ፦ ቀኑ የሚያልቀው መቼ ነው? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ተቃጠለ? ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ48 ላይ ትዝ ብሎኝ ከአልጋ ዘልዬ የወረድኩበት ቀን አለ፤ 12 ደቂቃ ነበረኝ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ 5ቱ አለቀ።

የማታ ወረቀት

የእኔ ቀን የሚያልቀው ስተኛ ነው። እስክተኛ ዛሬ ነው። እስክሪብቶውን ግን ደብተሩ ላይ እሰሪው፣ እኔ በክር አሥሬዋለሁ።

ነፋስ አመጣሽ

ለመለጠፍ ለምታስቡ አንድ ማሳሰቢያ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች በይፋ ድረ ገጽ ላይ የወጣን ግጥም "ታትሟል" ብለው ነው የሚቆጥሩት፤ ስትልኩላቸው አይቀበሉም። እኔ ሁለት ግጥም በዚህ አጥቻለሁ። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቻሌንጅ የሚያደርግ ሰው የለጠፈውን በማግሥቱ ከገጹ የሚያነሣው። ጥሩ የመሰላችሁን አስቀሩት፣ ቀልዱን ለጥፉ።

ቤት ፈላጊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጀመርኩ። 30 ቁራጭ ጠቀለልኩ፣ ሁሉም የዕቃ ስም ነው። እስክሪብቶ አሠርኩ። አባ ዝምታ ያሉትንም ጨምሬ ከመጻፌ በፊት አንድ የሌላ ሰው ግጥም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እህቴ አብደሃል ወይ አለችኝ።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። "መቀስ" ወጣ። 20 ደቂቃ፣ ሁለት ስንኝ። ጠረጴዛ እየመታሁ ቆጠርኩት፣ ስድስት በስድስት ሞልቷል።

ሁለቱም በ"ኝ" አለቁ።

የማታ ወረቀት

😂😂 እንኳን ደህና መጣህ። እስከ 13ኛው ቀን ወደ ኋላ አትግለጥ።